የወሎ ሕንፃና ሥዕል በማን ገጽ ላይ ይጻፋል?

«አናል ዴቲዮፒ» የተባለው የፈረንሳይኛ የጥናት መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1955 የመጀመሪያ ቅጹን ሲያወጣ ወሎ በውስጡ ነበረች። አንድሬ ካኮ የተባለው ፈረንሳዊ ምሁር በግሸን አምባ የሚጠበቀውን መጽሐፈ ጤፉት ለውጭው ዓለም ሊቃውንት ያስተዋወቀው በዚያ ቅጽ ነው። ስለዚህ «ወሎ በጥናት መጽሔት አልተነካችም» የሚለው የተለመደ አቤቱታ ትክክል አይደለም። ተነክታለች፤ ያውም ገና ከጅምሩ። ጥያቄው በምን ቋንቋ፣ በማን ዓይንና ስለ ምኗ እንደተጻፈ ነው። የካኮን ጽሑፍ የግሸን ካህናት አላነበቡትም፤ የደሴ የታሪክ መምህርም ዛሬ ሊያገኘው ቢፈልግ መጀመሪያ ፈረንሳይኛ መማር አለበት።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ስንዳስስ መንገዱ ብዙም አልተለወጠም። ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1941 በሮም የጀመረው «ራሴኛ ዲ ስቱዲ ኢቲዮፒቺ» በጣሊያንኛ የተመሠረተ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በሐምቡርግ የሚታተመው «ኤቲዮፒካ» በእንግሊዝኛና በሌሎች የአውሮፓ ቋንቋዎች ይጻፋል። አገራችን ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 ተቋቁሞ መጽሔቱን ጀመረ፤ ለወሎ ከሁሉም ይልቅ የጠቀመውም እርሱ ነው። ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1970 የሐይቅ እስጢፋኖስን አበምኔቶች ታሪክ ያወጡት በዚህ መጽሔት ነው። ሁሴን አሕመድም እ.ኤ.አ. በ1989 የሼህ ጠልሃ ጃዕፈርን ሕይወት በዚሁ ገጽ ጽፈዋል። ሁለቱም ጽሑፎች ዛሬም የሚጠቀሱ ናቸው። ደጋግሜ ሳነባቸው ግን አንድ ነገር ይጎድለኛል፤ ሰዎቹ፣ የትምህርት ሐረጉ፣ ሙግቱና ፖለቲካው አሉ፣ ቤቱ ግን የለም። አበምኔቶቹ የተቀመጡበት ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው ምን ነበር? ሼሁ ያስተማሩበት ዛውያ፣ የሱፊዎቹ ማደሪያና ማስተማሪያ ቤት፣ በስንት ምሰሶ ቆመ? ግድግዳው በድንጋይ ነው ወይስ በጭቃ?

ይህ ዳሰሳ የሚያነሣው ጥያቄ ይኸው ነው። የደቡብ ወሎ ሥነ ጥበብና ሥነ ሕንፃ ታሪክ እስከ ዛሬ የሌላ ታሪክ ጥገኛ ሆኖ ኖሯል። ሥዕሉ የብራና ጥናት ተከታይ፣ መስጊዱ የሃይማኖት ታሪክ ተከታይ፣ የደሴ ግንብ የንጉሥ ሚካኤል የሕይወት ታሪክ ተከታይ ነው። በእኔ እምነት ደሴና ኮምቦልቻ ራሱን የቻለ፣ ሕንፃንና ሥዕልን በራሳቸው የሚያጠና የአካባቢ ጆርናል ያስፈልጋቸዋል። ለምን እንደሆነ ለማሳየት ደግሞ ያለውን ሀብት በዓይነቱ ማየት ይሻላል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የጠፋው ነው። አፄ ናዖድ ጀምረውት ልጃቸው ልብነ ድንግል የፈጸሙት መካነ ሥላሴ በዛሬው ደቡብ ወሎ ምድር ቆሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1531 በኢማም አሕመድ ዘመቻ ተቃጠለ። የፖርቹጋሉ ቄስ አልቫሬዝ ሕንፃውን ከመቃጠሉ በፊት አይቶ ጽፎታል። የበለጠ የሚያስደምመው ግን የኢማሙ ታሪክ ጸሐፊ ዐረብ ፋቂህ «ፉቱሕ አል-ሐበሻ» ውስጥ የተወልን ነው። ኢማሙ ገብቶ የወርቅና የብር ልባጡን ሲያይ እንደተገረመ፣ አብረውት የነበሩትንም ሰዎች በሩም ወይም በህንድ አገር የዚህን መሳይ አይታችሁ ታውቃላችሁ ብሎ እንደጠየቀ ይተርካል። የመካከለኛው ዘመን የአማራ ቤተ ክርስቲያን ከነዝርዝሩና ከነአድናቆቱ የደረሰን ሊያቃጥሉት ከመጡት ወገን በተጻፈ መጽሐፍ ነው። ይህን ነገር ብቻውን ወስዶ የሚያመዛዝን ጥናት ለአንድ ቅጽ በቂ ነው። አልቫሬዝ ያየውንና ዐረብ ፋቂህ የጻፈውን ጎን ለጎን አድርጎ፣ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ትረካ ጨምሮ፣ በመሬት ላይ ከሚታየው የድንጋይ ፍርስራሽ ጋር ማስተያየት ይቻላል። ለዚህ ሥራ ግዕዝ የሚያውቅ፣ ዐረብኛ የሚያውቅ፣ የግንባታ ዕውቀት ያለውና እግሩን የማይሰስት ሰው ያስፈልጋል። እነዚህ አራት ሰዎች ደሴ ውስጥ አሉ፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያገናኛቸው መድረክ ነው የሌለው።

ከዚያ ቀጥሎ ሐይቅ ይመጣል። ከደሴ በስተ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በሐይቁ ዳር ያለው የእስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሩት ነው። በእርሳቸው ዘመን እ.ኤ.አ. በ1280 እና በ1281 መካከል የተጻፈው የአራቱ ወንጌላት ብራና ዓመተ ምሕረቱ በራሱ ላይ ከተመዘገበባቸው የኢትዮጵያ ሥዕላማ መጻሕፍት ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። በውስጡ የአባ ኢየሱስ ሞዐ ምስል አለ። ሥዕል የሚያጠና ሰው እንዲህ ያለ ብራና ፊት ሲቀርብ ከሃይማኖቱ ታሪክ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ እጁ ነው፦ ሠዓሊው ቀለሙን ከምን ቀመመው? ፊቱን ሲሥል መጀመሪያ ዓይኑን ሠርቶ ነው ወይስ ዙሪያውን ከብቦ? የልብሱ መስመር የሰሜን ብራናዎችን ይመስላል ወይስ የራሱ አገር አለው? የዚህ ብራና ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ፕሮጀክት ተነሥቶ አሜሪካ ሚኒሶታ ይገኛል። ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ጥበብ ታሪክ የሚወያየው ዓለም አቀፍ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1986 ለንደን ዋርበርግ ተቋም ውስጥ ተጀምሮ፣ በ1990 ወደ ፖላንድ ሄዶ፣ በ1993 አዲስ አበባ መጣ። ደሴ ድረስ አልደረሰም።

ወደ እስላሙ ወሎ ስንሻገር ያለው ጽሑፍ ጥቂት ቢሆንም ጥልቅ ነው፤ ይህም የአንድ ሰው ትጋት ውጤት ነው ብል አላጋነንኩም። ሁሴን አሕመድ ስለ እስልምና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወሎ የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2001 በብሪል አሳታሚ ወጣ። ጀማ ንጉሥ፣ ዳናና ጌታ የተባሉትን የእስልምና ትምህርት ማዕከላት፣ የሼሆቹን የትምህርት ሐረግና የመውሊዱን ታሪክ ከዚያ መጽሐፍ ያልተማረ የወሎ ተመራማሪ የለም። ሁሴን እ.ኤ.አ. በ2009 ካረፉ በኋላ ያንን መስመር ከሕንፃው ወገን የቀጠለው ሰው ጥቂት ነው። ሼህ ቡሽራ የሚታወሱበት ጌታ ከኮምቦልቻ ብዙ አይርቅም። በመውሊድ ቀን የሚሰበሰበውን ሕዝብ የሚቀበለው ግቢ፣ ቀሪአው (ትምህርቱ) የሚቀራበት ቤት፣ የሐድራው (የዱዓው ጉባኤ) መቀመጫ፣ የውኃው ማዘያ፣ የእንግዳው ማረፊያ ሁሉም በአንድ ሥርዓት የተደራጁ ናቸው። ማን ከየት ይገባል? ሴቶች የሚቀመጡበት ከየትኛው ግድግዳ ወዲያ ነው? ቡናው ከየት ይቀርባል? ጀማ የሚባለው ሥፍራ መስጊድ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ ትምህርት ቤትም፣ ፍርድ ቤትም፣ የችግረኛ መጠለያም ሆኖ ኖሯል። አሠራሩ ያንን ሁሉ ይናገራል፤ ነገር ግን አንድም ሰው ሜትር ይዞ ገብቶ ፕላኑን ካልሳለው ንግግሩ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቀበራል።

ሾንኬን እዚህ ላይ ሳላነሣ አላልፍም። መንደሩ ዛሬ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ ከከሚሴ አቅራቢያ፣ በተራራ ጫፍ ላይ ያለ የአርጎባ ሠፈር ነው። የድንጋይ ቤቶቹ ጠፍጣፋ ጣሪያቸውን ጎን ለጎን ይዘው በገደሉ ላይ ተደርድረዋል፤ ሼህ ጀውሀርም ያስተማሩት እዚያ ነው። ዞኑ ሌላ ቢሆንም የሾንኬ ሰው ለገበያ የሚወርደው፣ ድንጋይ የሚጠርበው፣ መንዙማ የሚያሰማው በዚሁ ምድር ነው። የአካባቢ ጆርናል የሚቋቋም ከሆነ የመጀመሪያው ጭቅጭቅ ይህ መሆኑ አይቀርም፦ አካባቢ ማለት የዞን ካርታ ነው ወይስ የግንበኞቹ እግር የደረሰበት? እኔ በሁለተኛው እቆማለሁ። የላስታን ክብ የድንጋይ ቤት፣ የሾንኬን ጠፍጣፋ ጣሪያ፣ የቦረና ሳይንትን ሣር ክዳን ለየብቻ የሚያጠና መጽሔት የግንባታ ዕውቀት እንዴት ከሸለቆ ወደ ሸለቆ እንደሚሄድ ሊያሳይ አይችልም።

አሁን ወደ ከተሞቹ። ደሴ ከጦሳ ሥር በሁለት ሺህ አምስት መቶ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ከሐረጎ ቁልቁለት በታች፣ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ትገኛለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ይህን ያህል ቅርብ ሆነው ይህን ያህል የተለያዩ ሁለት ከተሞች ለሥነ ሕንፃ ጥናት ትልቅ ዕድል ናቸው። ደሴ በጉምና በብርድ ትኖራለች፤ ቤቷ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፣ ግድግዳውም ይወፍራል። ኮምቦልቻ ሙቀት አላት፤ በረንዳውና የዛፍ ጥላው ሳሎን ይሆናል። የአንዷን ቤት ከሌላዋ ቤት ጋር አስተያይቶ የሚጽፍ ሰው የወሎን ግማሽ ታሪክ በአንድ ጽሑፍ ይዟል።

የደሴ ሕንፃ ታሪክ የሚጀምረው ከንጉሥ ሚካኤል ነው ይባላል፤ ይህም ትክክል ነው። በቦሩ ሜዳ ጉባኤ በ1870 ዓ.ም. ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል የተባሉት መሐመድ ዓሊ ራስ፣ ከዚያም በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ሆነው በደሴ ሲቀመጡ ከተማዋ ዋና ከተማ ሆነች። በዘመናቸው የተሠራው አይጠየፍ አዳራሽ እስከ ዛሬ አለ፤ ሰፊ የግብር አዳራሽ ነው። ስለዚህ አዳራሽ የሚጻፈው ሁሉ ስለ ንጉሡና ስለ ግብሩ ነው፤ ክርስቲያኑና እስላሙ አብሮ መብላቱ በትክክልም የሚያኮራ ነው። እኔ ግን ቀረብ ብዬ ማየት የምፈልገው እንጨቱን ነው። ያንን ያህል ስፋት ያለ ጣሪያ ለመሸከም ምሰሶው ከየትኛው ደን መጣ? ማን ጠረበው? ወጋግራውና ማገሩ የተያያዙት በጠፍር ነው፣ በገመድ ነው ወይስ በምስማር? ከምኒልክ ቤተ መንግሥት ግንበኞች መካከል ወደ ደሴ የወረደ አለ? የጣሪያውን ቅርጽ በ1900ዎቹ መጀመሪያ የአዲስ አበባ አዳራሾች ጣሪያ አጠገብ ቢያስቀምጡት ማን ከማን እንደተማረ ይታያል። አዳራሹ በተለያየ ጊዜ ታድሷል። እድሳት ደግሞ ያለ መዝገብ ሲሠራ የቀድሞውን ይደመስሳል። የትኛው ምሰሶ የመጀመሪያው እንደሆነ፣ የትኛው የተተካው እንደሆነ በሥዕል ካልተቀመጠ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣው ተመራማሪ አዲሱን እንጨት እንደ ንጉሡ ዘመን ሥራ አድርጎ ይጽፈዋል።

ከአይጠየፍ ሌላ የከተማዋ ታሪክ በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት፣ ከአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ዘመን ጋር ስሙ በሚነሣው መርሆ ግቢ፣ በመድኃኔ ዓለም፣ በሸዋ በር፣ በፒያሳና በአረብ ገንዳ ተበትኖ ይገኛል። የአረብ ገንዳ ስም ብቻውን የየመን ነጋዴዎችን ያስታውሳል። በእነርሱ ሱቅና መኖሪያ ላይ ጥናት ቢሠራ በርበራንና ዘይላን፣ ከዚያም ወደ ላይ አሰብንና ባቲን የሚያገናኝ የግንባታ መንገድ ይገለጣል። እንጨቱ ከአገር፣ ብረቱና ቆርቆሮው ከባሕር፣ ግንበኛው ከሁለቱም ነበር። ሥነ ሕንፃ ከንግድ ታሪክ ጋር የሚገናኝበትን ይህን ዓይነት ጥናት የሚቀበል መድረክ እንፈልጋለን።

የጣሊያን ዘመን ላይ ስንደርስ ክፍተቱ ያሳዝናል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በከተማዋ ነበሩ። በሚያዝያ ወር ጣሊያን ገባ፤ በ1933 ሚያዝያ ወጣ። በአምስቱ ዓመት መካከል ከአስመራ ወደ አዲስ አበባ የሚወርደው መንገድ በደሴ በኩል አለፈ፤ ከአሰብ በባቲ በኩል የሚወጣው ደግሞ ኮምቦልቻ ላይ ተገጠመ። ኮምቦልቻ ከተማ የሆነችው ከዚያ መገናኛ ነው። በአስመራ የተሠራው ሕንፃ ግን በየጣሪያውና በየመስኮቱ ተሥሎ፣ ተፎቶግርፎና ተመዝግቦ፣ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። ጎንደርም ዴቪድ ሪፍኪንድ እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የሥነ ሕንፃ ታሪክ ጸሐፊዎች ማኅበር ጆርናል የፋሽስቱን ዘመን ከተማ ፕላን የተነተነበት ጽሑፍ አላት። ደሴና ኮምቦልቻ በዚያ ዓይነት ጽሑፍ የሚነሡት ለመንገዱ ሲባል ነው። አስመራን ያዳናት የሕንፃዎቿ ውበት ብቻ መሆኑን አልቀበልም። ውበቱን በሚታመን ወረቀት ላይ ያስቀመጠው የጥናት ሥራ ነው፤ ያ ወረቀት ባይኖር ሕንፃዎቹ ዓለም ፊት ባልቀረቡም ነበር።

ስለ ፋሽስት ግንብ መጻፍ ለአንዳንድ ሰው ያማል። በደሴ ምድር የወደቀ አርበኛ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ «የጠላትን ቤት ለምን እናሞግሳለን?» ቢል እረዳዋለሁ። ግን መመዝገብ ማሞገስ አይደለም። ያንን ድንጋይ የተሸከመው የወሎ ሰው ነው፤ ከሐረጎ ቁልቁለት ላይ መንገዱን የፈለጠውም እርሱው ነው። ያ ሥራ ያለ ስም እንዲቀር ካደረግን የጣሊያኑን መሐንዲስ ብቻ ታሪክ ውስጥ እናስቀራለን።

ኮምቦልቻን በተመለከተ የተለመደው ንግግር «የኢንዱስትሪ ከተማ» የሚል ነው፤ ከዚያ አያልፍም። በደርግ ዘመን የተተከለው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ከአዋሽ ወደ ወልዲያ የሚዘልቀው የባቡር መስመር ጣቢያ፣ ለሠራተኛ የተሠሩት ቤቶች ሁሉ ሕንፃ ናቸው፤ ሕንፃ ደግሞ ሁሉ ታሪክ አለው። የፋብሪካ ጣሪያና የሠራተኛ ሠፈር አሠራር ሳይጠና የሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያ ሥነ ሕንፃ ታሪክ ሙሉ አይሆንም። ደሴን «ጥንታዊ»፣ ኮምቦልቻን «ዘመናዊ» እያሉ መክፈልም ልክ አይመስለኝም። በኮምቦልቻ አካባቢ ከድንጋይ የተቀረጸ አንበሳ አለ፤ ከከተማዋ ሁሉ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ሐውልት ነው። ፋብሪካዎቿና አንበሳው በአንድ ጆርናል ውስጥ ቢገናኙ ኮምቦልቻ ስለራሷ የምታውቀው ይለወጣል።

በቅርቡ በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደው ጦርነት ይህን ሁሉ አጣዳፊ አድርጎታል። ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ እስከ ኅዳር 27 ቀን ድረስ በጦርነቱ ተይዘው ነበር። በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት ውስጥ ያለው የደሴ ሙዚየም ተዘረፈ፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲም ከባድ ጉዳት ደረሰበት። ስለ ሙዚየሙ የተነገረውን ሁሉ ስሰማ ያስጨነቀኝ አንድ ነገር ነው። ዕቃው ሳይጠፋ በፊት በዝርዝር፣ በመጠንና በፎቶግራፍ ተመዝግቦ በታተመ ወረቀት ላይ ቢቀመጥ ኖሮ፣ ዛሬ በየትኛውም ገበያ ቢታይ ለይተን «ይህ የእኛ ነው» ማለት እንችል ነበር። የባዕድ ሙዚየም ዕቃ ሲሰረቅ ፖሊስ የሚጠይቀው የሙዚየሙን ካታሎግ ነው። ጆርናልም ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው፤ ሲጠፋ የሚመሰክር ማስረጃ ያኖራል። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ሌላ ፍጥነት መጥቷል። የኮሪደር ልማት በከተሞቹ ውስጥ ሲሠራ የድሮ ሱቅና መኖሪያ ከመፍረሱ በፊት ተለክቶ መቀመጥ አለበት። ስለ ልማቱ አስፈላጊነት ወይም አላስፈላጊነት ሌላ ጊዜ እንከራከር፤ ቤቱ ሊፈርስ ከሆነ ግን ከዶዘሩ በፊት ሜትርና ካሜራ ይድረስ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ተመዝግቦ እንዲጠበቅ ይጠይቃል፤ ቅርስ መሆኑ በጥናት ያልታወቀ ቤት ግን እንዴት ይመዘገባል?

«ዩኒቨርሲቲው ጆርናል አለው፣ ሌላ ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ጥያቄ ተገቢ ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ «አቢሲኒያ» በሚል ስም ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ለቢዝነስና ማኅበራዊ ሳይንስ የሚሆኑ ጆርናሎች ያሳትማል። ጥሩ ነገር ነው። ግን በእነዚህ ውስጥ የደጃዝማች ቤት ጣሪያ ሥዕል የአፈር ምርመራና የሰብል ጥናት መካከል ይጠፋል፤ ገምጋሚም በቀላሉ አይገኝለትም። ሥነ ጥበብና ሥነ ሕንፃ የራሳቸው አንባቢ፣ የራሳቸው ገምጋሚና ከሁሉ በላይ የራሳቸው ገጽ ይፈልጋሉ። ገጹ ለሥዕል የሚበቃ ስፋት ያለው፣ ፕላንና የጎን ቁራጭ በልኬቱ የሚታተምበት፣ ፎቶግራፉ የማይደበዝዝበት መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ1983 በሃርቫርድና በኤም አይ ቲ ዙሪያ የተጀመረው «ሙቀርናስ» የእስላም ሥነ ሕንፃን በአንድ መስክ ላይ አሰባስቦ ዛሬ የማይታለፍ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1967 ካሊፎርኒያ የተጀመረው «አፍሪካን አርትስ» ደግሞ ለአፍሪካ ሥዕልና ቅርጽ ገጽ ከፍቷል። ሁለቱም ከጥቂት ሰው ፍላጎት ተነሥተው ነው። ከቅርባችን ለአዲስ አበባ ፋሲል ጊዮርጊስና ዴኒስ ዤራር የከተማዋን የሕንፃ ቅርስ የሰነዱበት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2007 ከወጣ በኋላ ስለ ከተማዋ የድሮ ቤቶች የሚደረገው ንግግር ራሱ ተለውጧል። ደሴ የእንደዚያ ዓይነት ጅምር ትፈልጋለች።

ቋንቋው አማርኛ መሆን አለበት እላለሁ። ይህ ግን ከባድ ጉዳይ መሆኑን አልክድም። መምህር ለማዕረግ ዕድገት የሚያስፈልገው ነጥብ በብዙ ቦታ ለእንግሊዝኛና ለውጭ ጆርናል ያደላል። ስለዚህ ጽሑፉ በአማርኛ ሆኖ ከእንግሊዝኛና ከዐረብኛ አጭር ማጠቃለያ ጋር ቢወጣ፣ ሥዕሉና ፕላኑ ደግሞ በማንኛውም ቋንቋ የሚነበቡ ስለሆኑ ችግሩ ይቀላል። ትምህርት ሚኒስቴር የአገር ውስጥ ዕውቅና እንዲሰጠው ደግሞ ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ ግምገማውን በሥርዓቱ ማካሄድ ያስፈልጋል። አማርኛ የምልበት ዋናው ምክንያት አንባቢው ነው። ቤቱን የሠራው የግንበኛ ልጅ፣ ብራናውን የጠበቀው መሪጌታ፣ ጀማውን የሚያስተዳድሩት ሼህ ሲያነቡት ስሕተቱን ያርሙታል። ካኮ የጻፈውን ጤፉት ግሸን ላይ ያለ አንድ ሰው አንብቦ ቢያርመው ኖሮ ጥናቱ ምን ያህል ይበለጽግ ነበር! የሰነድ ባለቤቶች አንባቢ ሲሆኑ ጥናት ይታረማል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያሻ ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜም አይነሣም። ብራናና ዕቃ በታተመ ገጽ ላይ ሲወጣ ለሌባ መንገድ ሊያሳይ ይችላል። ገዳማት ተመራማሪ ሲመጣ የሚጠራጠሩት በክፋት አይደለም፤ ተፈትነው ነው። በመስጊዶችም የሼሆቻቸውን መጻሕፍት ያሳዩ ሰዎች መጻሕፍቱን ዳግም ያላዩበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ጆርናሉ ከመጀመሪያው ቀን ሕግ ያስፈልገዋል። የትኛው ዕቃ ያለበት ሥፍራ በግልጽ ይጻፋል፣ የትኛው ተሰውሮ ይመዘገባል፣ የየትኛው ፎቶ ለቅርስ ባለሥልጣንና ለባለቤቶቹ ብቻ ይቀመጣል የሚለውን ቀሳውስትና ሼሆች በተገኙበት መወሰን ይገባል። ታቦት የሚገባበትን ቦታ የሚለካ ተማሪ እንደማይኖር ሁሉ፣ የሐድራ ቤቱን ውስጠኛ ክፍል ለመግባትም ፈቃድ ይፈለጋል። በወሎ ይህ ሁሉ በመነጋገር የሚያልቅ ነገር ነው።

ሌላው ቦታ የማይሰጠው ሀብት የተማሪው ወረቀት ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ክፍል ለዓመታት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ጽፈዋል፤ ብዙዎቹ የየአገራቸውን ከተማ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ገበያ፣ ትምህርት ቤት መርጠዋል። የደሴ ልጆችም ከእነርሱ መካከል ነበሩ፤ ብዙዎቹ በወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት የተማሩ። ያ ወረቀት በታይፕ ተጽፎ፣ በካርቶን ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ውስጡ ዛሬ የሌሉ ሰዎች ቃል አለ። አንድ ሰው ሄዶ፣ የወሎን የሚመለከተውን ለይቶ፣ ሕንፃና ሥዕል የተነሣበትን ገጽ ቢያወጣና በማብራሪያ ቢያትም ጆርናሉ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ዓመታት ያለ ብዙ ወጪ ሊዘልቅ ይችላል። ይህንን ሥራ እንደ ትንሽ ሥራ ማየት ትልቅ ስሕተት ነው።

ሥዕልን ስናነሣ ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ብቻ መናገርም አይበቃም። ታደሰ መስፍን በወልዲያ ተወልደው በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለረጅም ጊዜ አስተምረዋል። ሥዕላቸው ላይ ቀጥ ብለው የቆሙት ገበያተኛ ሴቶች የወሎን ገበያ ለሚያውቅ ዓይን ሌላ ትርጉም አላቸው፤ ያንን የሚያውቅ ሰው ቢጽፍላቸው የውጭ ጋለሪ የሚያትመው ማብራሪያ የማይሰጠውን ይሰጣል። የባቲ ብር አንጥረኛ ጌጥ፣ የስፌቱ ቀለም፣ የሱፍ ባናውም እንዲሁ። እነዚህ የሚጠኑት በሕዝብ ባህል ርዕስ ሥር ሲሆን፣ የሠሪው ስም ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ሠሪው ስም ያለው ሰው ነው፤ እንደ ማንኛውም ሠዓሊ ስሙና ሥራው አብሮ ሊቀመጥ ይገባል።

ከጅምሩ ሁለት እትም በዓመት ማውጣት አይቻልም፤ አንድ ይበቃል። የመጀመሪያው እትም አይጠየፍ አዳራሽን ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው ለክቶ፣ የታደሰውንና የቀረውን ለይቶ ይያዝ። ከጎኑ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች የጌታን ግቢ ፕላን ይሳሉ፤ ይህን ለመሥራት ከሼሆቹ ፈቃድ በቀር የሚያስፈልግ ውድ መሣሪያ የለም። ሦስተኛው ጽሑፍ አልቫሬዝንና ዐረብ ፋቂህን በመካነ ሥላሴ ላይ ያገናኝ። አራተኛው የደሴ ሙዚየም ዕቃዎችን፣ የቀሩትንም የጠፉትንም፣ ከሚያስታውሷቸው የሙዚየሙ ሠራተኞች ቃልና ከቤተ ሰብ አልበም ውስጥ ከሚገኙ የድሮ ፎቶግራፎች እያሰባሰበ ይዘርዝር። አርታኢዎቹ ከደሴና ከኮምቦልቻ ይሁኑ፤ ከገምጋሚዎቹ አንዱ የግዕዝ፣ አንዱ የዐረብኛና የአጀሚ (በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ የአገር ቋንቋ)፣ አንዱ የግንባታ፣ አንዱ የሥዕል ዐዋቂ ይሁን። ወረቀቱን የከተማዎቹ ነጋዴዎች ሊከፍሉት ይችላሉ። ለትምህርት ቤትና ለመስጊድ፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለመንገድ ገንዘብ የሰጠ ከተማ ለዚህም ይሰጣል፤ የሚጠየቅበት ነገር ምን እንደሆነ ከተነገረው።